ጠባቡን ደረጃ የማይደብቅ መመሪያ

የምተዳደረው ለትንንሽ እንግዳ ማረፊያዎች በኢንተርኔት ላይ ገጽ በማዘጋጀት ነው። ደንበኞቼ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ ስምንት ክፍል ያላቸው፣ ባለቤቱ ራሱ በር የሚከፍትባቸውና ጠዋት ቁርስ የሚያቀርብባቸው ቤቶች ናቸው። ጽሑፉን እጽፋለሁ፣ ፎቶግራፉን አነሳለሁ፣ የትኛው መመሪያ ላይ፣ ማለትም ማረፊያዎችን ለተጓዥ በሚዘረዝር የትኛው ድረ ገጽ ላይ፣ ቢገቡ እንደሚሻል እመክራለሁ፤ እንግዶች ከሄዱ በኋላ የሚጽፉትንም ከባለቤቶቹ ጋር ተቀምጠን እናነባለን። ስለዚህ ግምገማዬ የተጓዥ ሳይሆን በሩን ከውስጥ ከሚከፍቱት ወገን የቆመ ሰው ግምገማ ነው።

ሁሉም መመሪያዎች ለባለቤቶች የሚሰጡት ተስፋ ተመሳሳይ ነው፤ ቤትዎን ብዙ ሰው ያየዋል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያየዋል። እኔ የምመዝናቸው ግን በሌላ ሚዛን ነው። መመሪያው ቤቱ ለማይስማማው እንግዳ አስቀድሞ «ይህ ቤት ለእርስዎ አይመችም» ለማለት ያስችላል ወይ? ደረጃው ጠባብ መሆኑን፣ መታጠቢያው ከክፍሉ ውጭ መሆኑን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ በር የሚከፍት ሰው አለመኖሩን የሚናገሩበት ቦታ አለው ወይ? ለትልቅ ሆቴል ይህ ጥያቄ ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል። ለባለ አራት ክፍል ቤት ግን የህልውና ጉዳይ ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። አሥር አስተያየት የተጻፈለትና አማካይ ነጥቡ ከአሥር 9 የሆነ ቤት አለ እንበል። አንድ ቅር የተሰኘ እንግዳ 4 ቢሰጠው አማካዩ ወደ 8.5 ይወርዳል። አምስት መቶ አስተያየት ያለው ሆቴል ግን ያንኑ 4 ቢቀበል 8.99 ላይ ይቆያል፤ ሲጠጋጋ ያው 9 ነው፣ ልብ የሚለውም የለም። ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ አልጋ የሚፈልግ ሰው ደግሞ «9 እና ከዚያ በላይ» የሚል ማጣሪያ አለለት። ትንሹ ቤት በአንድ ሌሊት ከማጣሪያው ሥር ወደቀ ማለት ነው፤ ማጣሪያውን ለሚጠቀም ተጓዥ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የለም። ያንን 4 የሰጠው እንግዳ ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ጉልበቱን እያመመው ፎቅ ላይ ያለ ክፍል የያዘ፣ ወይም ጸጥታ ፈልጎ ሕፃናት ያሉበት ቤት የመጣ ሰው ነው። ሊያውቀው ይገባ የነበረውን የሚነግረው አላገኘም።

የመመሪያ ነገር ስመ ጥር ያልሆኑትን ቤቶች ይበልጥ እንደሚነካ ጥናትም ይደግፈዋል። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪው ማይክል ሉካ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ጥናት፣ የልፕ በተባለው መመሪያ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ የምግብ ቤትን ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አገኘ። ውጤቱ የታየው ግን በግል ምግብ ቤቶች ላይ እንጂ ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ስመ ጥር ድርጅቶች ላይ አልነበረም። የታወቀ ስም የለጠፈ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀን ከበሩ ውጭ ሆነን እናውቃለን። ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ቤት ግን ከእኛ በፊት ገብቶ ያደረ ሰው ቃል ያስፈልገዋል። ጥናቱ ስለ ምግብ ቤት ቢሆንም በማረፊያዎች ላይ በየጊዜው የማየው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከትልቁ ልጀምር። ቡኪንግ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1996 በኔዘርላንድስ ተጀመረ፤ ዛሬ በኢንተርኔት አልጋ መያዝ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነው። የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ እንግዳ ሲያመጣ ኮሚሽን ይወስዳል። መጠኑ እንደ አገሩና እንደ ውሉ ቢለያይም 15 በመቶ አካባቢ የተለመደ ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ ቀላል ነው። ነገር ግን የሚቆረጠው ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው። የአንሶላ ማጠቢያው፣ የመብራቱ፣ የሳሙናውና የቁርሱ ወጪ ተነስቶ ከዋጋው ሠላሳ በመቶ ብቻ ለሚተርፈው ቤት፣ ኮሚሽኑ የትርፉ እኩሌታ ነው። ባለቤቶች ውል ከመፈረማቸው በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ እንዲሠሩት እለምናቸዋለሁ።

ከበጎ ጎኑ አስተያየት መጻፍ የሚችለው በድረ ገጹ በኩል አልጋ ይዞ የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጥቡም በዘርፍ ይከፋፈላል፤ ሠራተኞች፣ ንጽህና፣ ምቾት፣ አካባቢ፣ ለዋጋው ተገቢነት ለየብቻ ይታያሉ። ትንንሽ ቤቶች በሠራተኞች ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቆቹ ይበልጣሉ፤ በር የከፈተው፣ ሻንጣ የተሸከመውና ቁርስ ያቀረበው ያው ባለቤቱ ስለሆነ። ተጓዥ ሆይ፣ ጠቅላላውን ነጥብ ብቻ አይተህ አትለፍ፤ ዝርዝሩን ክፈተው።

ድክመቱ ሌሎቹም የአልጋ ማስያዣ ድረ ገጾች የሚጋሩት ነው። ቤቱ የሚተዋወቀው በአብዛኛው ምልክት በሚደረግባቸው ሣጥኖች ነው። «የግል መታጠቢያ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያደረገ ባለቤት አልዋሸም፤ መታጠቢያው የዚያ ክፍል እንግዳ ብቻ የሚጠቀምበት ነው። ግን ከኮሪደሩ ማዶ ነው፤ እንግዳው ሌሊት ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ መውጣት አለበት። ሣጥኑ ይህን አይናገርም። ስለዚህ ለደንበኞቼ የማደርገው፣ ለባለቤቱ የተተወችውን የማሳሰቢያ ቦታ እስከ መጨረሻዋ ፊደል መጠቀም ነው። ከዚያም አልፎ እንግዳው አልጋ እንደያዘ ወዲያው የሚደርሰው አጭር መልእክት አዘጋጃለሁ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሦስቱም ቤቱ ስለሌለው ነገር ናቸው። ያለ ቅጣት መሰረዝ እየቻለ የሰረዘ እንግዳ ኪሳራ አይደለም። ያ ክፍል ለሚስማማው ሰው ገና ክፍት ነው።

በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ ለመታየት ተጨማሪ ኮሚሽን የሚከፈልባቸው መርሐ ግብሮችም አሉ። የብሪታኒያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ጉዳዩን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስት ታላላቅ ድረ ገጾች ኮሚሽን በተርታው ላይ ተጽዕኖ የሚኖረው ከሆነ ለተጠቃሚው በግልጽ ለመንገር ተስማምተዋል። ለባለ አራት ክፍል ቤት ይህን ተጨማሪ ክፍያ አልመክርም። አራት ክፍል ለመሙላት አንደኛ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለቤቶች ባለማወቅ ብዙ የሚያጡበት ቦታ ነውና። ለረጅም ጊዜ የእነዚህ ድረ ገጾች ውል ባለቤቱ በራሱ ገጽ ላይ በቅናሽ እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ቡኪንግ ዶት ኮምን በዚህ አንቀጽ እንዳይጠቀም አገደው። በ2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ሲጠብቅበት ድርጅቱ አንቀጹን ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውሎቹ ሁሉ አነሳው። ከዚያ ውጭ ያላችሁ ውላችሁን ገልጣችሁ አንብቡ። አንቀጹ ከሌለ፣ ለኮሚሽን ከሚሄደው ላይ ጥቂቱን በቀጥታ ለሚደውል እንግዳ መተው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ደግሞም ድረ ገጹ ላይ መታየት በቀጥታ የሚመጣውንም እንግዳ ያበዛል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ክሪስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ሆቴሎችን ኤክስፔዲያ በተባለው ሌላ የአልጋ ማስያዣ ድረ ገጽ ላይ አንዴ እያስገባ አንዴ እያስወጣ ሲያስተያይ፣ በገቡበት ጊዜ ከድረ ገጹ ውጭ የሚመጣው ምዝገባ ከ7.5 እስከ 26 በመቶ ጨምሮ አገኘው። ሰው እዚያ ያያል፣ ከዚያ የቤቱን ስም ፈልጎ በራሱ መንገድ ይመጣል። ይህ የሚሠራው ግን ስሙን ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነው። የራሱ ገጽ፣ ቢያንስ ስልክ ቁጥር ያለው አንድ ገጽ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ትርፍ መልሶ ለድረ ገጹ ይሰጣል።

በእኔ ሚዛን ከፍተኛውን ነጥብ የሚወስደው ኤርቢኤንቢ ነው። በ2008 ሲጀመር የሰዎችን ትርፍ ክፍል ለማከራየት ነበር፤ ከ2018 ጀምሮ ግን ቁርስ ለሚያቀርቡ ማረፊያዎችና ለትንንሽ ሆቴሎች የራሳቸውን ምድብ ከፍቶላቸዋል። የምወደው አንድ ቦታ አለው። ባለቤቱ ገጹን ሲሞላ፣ እንግዳው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ተዘርዝረው ይጠየቃል፤ ደረጃ መውጣት ግድ ነው ወይ? ድምፅ ሊኖር ይችላል ወይ? እንስሳት በቤቱ ይኖራሉ ወይ? ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩት ክፍል አለ ወይ? መኪና ማቆሚያ የለም ወይ? ለእያንዳንዱም በራስ ቃል ማብራሪያ መጨመር ይቻላል። ይህን ዝርዝር ያሰበ ሰው እንግዳ ተቀብሎ የሚያውቅ መሆን አለበት። የቤቱንም መግለጫ ባለቤቱ በራሱ አንደበት ይጽፈዋል።

የአስተያየቱ አሠራርም ፍትሐዊ ነው። እንግዳውና ባለቤቱ እርስ በርስ ይጻጻፋሉ፤ ሁለቱም እስኪጽፉ ወይም 14 ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ ማንም የማንንም አያይም። በበቀል መጻፍን በብዙ ይቀንሳል። የማልወድለት ግን የቤቱ ስም እዚያ ውስጥ መጥፋቱን ነው። ትክክለኛው አድራሻ አልጋ ከተያዘ በኋላ ነው የሚገለጠው፤ ወደ ራስ ገጽ የሚወስድ አገናኝም አይፈቀድም። እንግዳው ከተመለሰ በኋላ «የት አረፍክ?» ሲባል የሚጠራው የድረ ገጹን ስም ነው። አንድን ማረፊያ አስተዋወቅሁ የሚል መመሪያ ስሙን መሸፈን የለበትም።

ስለ ፎቶግራፍ ከኤርቢኤንቢ ታሪክ የምጠቅሰው ነገር አለ። በ2009 መሥራቾቹ ገበያው አልሄድ ሲላቸው ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው የአከራዮቹን ቤቶች ራሳቸው በጥሩ ካሜራ አነሱ፤ ገቢያቸውም ከዚያ በኋላ ማደግ ጀመረ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ቆንጆ ፎቶግራፍ ይሸጣል ለማለት ነው። ልክ ነው፣ ይሸጣል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ደረጃውን ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ባለቤት ሲያዩኝ አልወደዱትም። «ልጄ፣ መስኮቱን ተዪና ደረጃውን ምን ልትሠሪበት ነው የምታነሺው?» አሉኝ። የመኝታ ክፍሎቹ መስኮት በእርግጥ የሚያምር ነው። «እማማ፣ መስኮቱን አይተው የመጡት ደረጃውን ሲያዩ እንዳይናደዱብዎት ነው» አልኳቸው። ከታች ሆኜ ወደ ላይ አነሳሁት፤ ቀጥ ማለቱ እንዲታይ፣ መደገፊያው በግራ በኩል ብቻ መሆኑ እንዲታይ። ሰፊ የሚያስመስል የካሜራ መነጽር አልተጠቀምኩም። ያ መነጽር የክፍልን ስፋት እጥፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የቆመው እንግዳ የሚሰማውም መታለል ነው።

ከዚያ ጽሑፉን አስተካከልን። ቀድሞ የነበረው «ውብና ምቹ በሆነ አካባቢ የሚገኝ፣ የቤተሰብ ስሜት የሚሰጥ ማራኪ ማረፊያ» ይል ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር በምድር ላይ ላለ ማንኛውም ማረፊያ ቢለጠፍ ይሆናል። በምትኩ ይህን ጻፍን፦ «ቤቱ የቆየ የእንጨት ቤት ነው። ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ትልቅ ሻንጣ ለሁለት ይያዛል። ታች ያለው ክፍል ደረጃ የለውም፣ መስኮቱ ግን ወደ መንገድ ነው፤ ጠዋት በጊዜ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ቁርስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም እንግዳ አብሮ ይበላል።» ባለቤቷ ደግመው አነበቡትና «እንግዲህ ይህን አንብቦ የሚመጣ ካለ የእኔ እንግዳ ነው» አሉ። አሁን ሰዎች ደውለው ታች ያለውን ክፍል ለይተው ይጠይቃሉ፤ አብሮ መብላት የማይወዱም ቁርሳቸውን ክፍላቸው ውስጥ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጽፋሉ። ይቻላል።

ተጓዦች አስተያየታቸውን በሚጽፉበት በትሪፕአድቫይዘር ላይ ያለኝ አቋም የተከፈለ ነው። በ2000 ተመሥርቶ የተጓዥን ቃል ከማስታወቂያ በላይ ማስቀመጡ ለትንንሾቹ ውለታ ነበር፤ ማረፊያዎችን ከሆቴሎች ለይቶ በራሳቸው ምድብ ማሰለፉም እንዲሁ። ባለ አራት ክፍል ቤት መዋኛ ገንዳ ካለው ሆቴል ጋር ሳይሆን ከአቻዎቹ ጋር ይወዳደራል። ረጅም አስተያየት የሚጻፍበትም እዚያ ነው፤ ሰው ስለ ፍራሹ፣ ስለ ባለቤቱ ጨዋታ፣ ስለ ጠዋቱ ብርሃን አንድ ገጽ ሙሉ ይጽፋል።

ችግሩ ግን ማንም ሰው ማደሩን ሳያረጋግጥ መጻፍ መቻሉ ነው። በ2017 አንድ ጸሐፊ ለንደን ውስጥ ጓሮው ያለችውን ጎጆ ምግብ ቤት ነች ብሎ አስመዝግቦ፣ በሐሰት አስተያየት ብቻ የከተማዋ አንደኛ አድርጓት ነበር። ከዚህ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ዲና ሜይዝሊን፣ ያኒቭ ዶቨርና ጁዲት ሼቫሊየር በ2014 ያሳተሙት ጥናት ነው። ማንም የሚጽፍበትን ትሪፕአድቫይዘርን፣ አልጋ የያዘ ብቻ ይጽፍበት ከነበረው ከኤክስፔዲያ ጋር አነጻጸሩ። ስመ ጥር ስም የሌላቸውና የአነስተኛ ባለቤት የሆኑ ሆቴሎች ባለ አምስት ነጥብ አስተያየታቸው ትሪፕአድቫይዘር ላይ በተለየ መልኩ በዝቶ ተገኘ፤ የጎረቤቶቻቸው ዝቅተኛ ነጥብም እንዲሁ። የእኛው ወገኖች ናቸው እንግዲህ። ራሳቸውን ሲያሞግሱና ጎረቤታቸውን ሲያጠለሹ ማለት ነው።

ለባለቤቶች የምለው ቁርጥ ያለ ነው፤ ዘመድ አታስጽፉ፣ ለአስተያየት ብላችሁ ቅናሽ አትስጡ። ሕጉም ጠብቋል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየትን የሚከለክለው ደንብ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ውሏል፤ በአውሮፓ ኅብረትም ከ2022 ወዲህ ድረ ገጾች አስተያየቱ ከእውነተኛ ደንበኛ መሆኑን እንዴት እንደሚያረጋግጡ የመናገር ግዴታ አለባቸው። ሕጉ ባይኖርም ግን የሐሰት ሙገሳ የሚያመጣው የማይስማማውን እንግዳ ነው።

ለአስተያየት መልስ መስጠት ግን ሁልጊዜ የሚከፍል ሥራ ነው። ዴቪድ ፕሮሰርፒዮና ጆርጂዮስ ዘርቫስ በ2017 ባሳተሙት ጥናት መልስ መስጠት የጀመሩ ሆቴሎች ነጥባቸው በአማካይ በ0.12 ኮከብ ከፍ ማለቱን፣ የአስተያየታቸውም ብዛት በ12 በመቶ መጨመሩን አሳይተዋል። ደስ የሚለኝ የሚከተለው ግኝት ነው፤ አሉታዊ አስተያየቶቹ በቁጥር እያነሱ በርዝመት እየጨመሩ ሄዱ። ባለቤቱ እንደሚያነብና እንደሚመልስ ያወቀ ሰው በአንድ ቃል ተሳድቦ አይሄድም፤ ያማረረበትን ያስረዳል።

መልስ እንዴት እንደሚጻፍ ከአንድ ቤት ላሳይ። አንድ እንግዳ «ሌሊቱን ሙሉ ወለሉ ሲንጫጫ አደረ» ብሎ ጻፈ። ባልና ሚስቱ ተናደዱ፤ ባልየው «እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ማንም የለም፤ እርስዎ እንቅልፍዎ ቀላል ነው» የሚል መልስ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ወለሉ ግን እውነትም ይጮኻል፤ እኔም ስራመድበት ሰምቼዋለሁ። ለዚያ እንግዳ የሚጻፍ መልስ የሚያነበው እሱ ብቻ ሳይሆን ነገ አልጋ ሊይዝ የሚያመነታ ሰውም ነው። የጻፍነው ይህን ነው፦ «ትክክል ነዎት፤ ወለሉ የቆየ እንጨት ስለሆነ ከላይ ሲኬድ ይሰማል። ስለ ሌሊቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከኋላ ያለው ክፍል በላዩ ምንም ስለሌለ ጸጥ ያለ ነው፤ እንቅልፋቸው ቀላል የሆኑ እንግዶች እሱን ቢጠይቁን በተመሳሳይ ዋጋ እንሰጣለን።» ከዚያ ወዲህ የኋላውን ክፍል በስም የሚጠይቁ መጡ። አሉታዊው አስተያየት ከየትኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ሥራ ሠራ።

ጉግል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነጻ ነው፣ ግድም ነው። የንግድ መገለጫው በ2014 «ማይ ቢዝነስ» በሚል ስም ተጀምሮ በ2021 ስሙ ተቀየረ፤ በዚያው ዓመት የሆቴል ማስያዣ አገናኞችንም ያለ ክፍያ ማሳየት ጀመረ። ቀደም ሲል በክፍያ ብቻ ነበር። ትንሽ ቤት ሌላ ምንም ባያደርግ ይህን መገለጫ በስሙ መረከብ አለበት፤ ባለቤቱ ባይረከበውም ማንኛውም ሰው ማስተካከያ ሊጠቁምበት ይችላልና። የካርታውን ምልክት በሕንፃው መሐል ሳይሆን በሩ ላይ አድርጉት። በሌሊት ሻንጣ እየጎተተ በጓሮ በኩል የመጣ እንግዳ ገና ሳይገባ ነጥቡን መቀነስ ጀምሯል።

ከአንድ በላይ ማስያዣ ላይ የሚገቡ ደግሞ የቀን መቁጠሪያዎቻቸውን ማገናኘት አለባቸው። ነጻው መንገድ የአንዱን የቀን መቁጠሪያ አገናኝ ለሌላው መስጠት ነው፤ ነገር ግን ወዲያውኑ አይታደስም፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በዚያ መሐል አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ሊሸጥ ይችላል። ትልቅ ሆቴል ሌላ ክፍል ይሰጣል፤ ባለ አራት ክፍል ቤት የሚሰጠው የለውም። ስለዚህ ሁሉንም ክፍል ሁሉም ቦታ ከመለጠፍ ክፍሎቹን ማካፈል ይሻላል፤ ሁለቱን ለአንዱ ድረ ገጽ፣ ሁለቱን ለስልክና ለራስ ገጽ።

የመጨረሻዎቹ መርጠው የሚያስገቡ መመሪያዎች ናቸው። በዚህ ዘርፍ ታላቁ ሚሼሊን ነው፤ በ1900 ለአሽከርካሪዎች በነጻ ታድሎ የጀመረው መመሪያ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ሲሆን፣ ከ2024 ጀምሮ ለማረፊያዎችም እንደ ኮከብ የጥራት ምልክት የሆነ ከአንድ እስከ ሦስት «ቁልፍ» ይሰጣል። እዚያ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ለደንበኞቼ ቅርብ የሆኑት ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ የሚያስከፍሉት ትንንሾቹ መመሪያዎች ናቸው፤ በእነዚህ መሐል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። አንዱ ክፍያውን ተቀብሎ የደንበኛዬን መግለጫ ከሌላ ድረ ገጽ ቃል በቃል ገልብጦ ለጠፈ፤ ቤቱን ያየ ሰው አልላከም፤ ስልክ ቁጥሩንም አላወጣም፤ ስንት ሰው ገጹን እንደከፈተ ስንጠይቅ መልስ አልሰጠንም። ዓመቱ ሲያልቅ እንዳይታደስ መከርኩ።

ሌላኛው ግን ከመቀበሉ በፊት አንዲት ሴት ላከ። የደረሰችው አመሻሽ ላይ ነበር፤ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ከሁሉ ደካማውን ክፍል አሳዩኝ፣ እዚያ ነው የማድረው» አለች። ፍራሹ ላይ ተጋድማ አየችው፣ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ ስንት እንደሚፈጅ በሰዓቷ ያዘች፣ የራስጌው መብራት መጽሐፍ ለማንበብ ይበቃ እንደሆነ አበራችው። አልበቃም፤ ባለቤቶቹ በማግስቱ አምፖሉን ቀየሩት። የጻፈችው መግለጫ የሚያስመሰግነውን አመስግኖ በመጨረሻው አንቀጽ ቤቱ ለማን እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል፤ ስልኩና የቤቱ የራሱ ገጽ አገናኝ ከስሙ ሥር በትልቁ ተቀምጠዋል፣ ከሚይዘው እንግዳም ኮሚሽን አይወስድም። በእሱ በኩል የሚመጡት እንግዶች ብዙ አይደሉም። ሲደውሉ ግን የክፍሉን ስም ጠርተው ነው፤ የሚጠይቁትም «ክፍል አለ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ያ ክፍል በእነዚህ ቀናት ክፍት ነው ወይ?» ብለው ነው። ባለቤቶቹ ዘንድሮም እንክፈል ወይ ሲሉኝ ክፈሉ ብያለሁ፤ ለማስያዣ ድረ ገጹ የተውነውንም ክፍል ከሁለት ወደ አንድ ዝቅ አድርገነዋል።